ስምንተኛው ቢጫ ምልክት

አባቴ አንዲት ብሎን ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሻሽ አይቼዋለሁ፤ እንድታበራ አይደለም፣ እንዳታበራ ነው።

ሥራው ይኸው ነበር። የአሮጌ መኪና ዕቃ ይመጣለታል፤ እሱ ደግሞ ዕቃው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን የነበረውን መልክ ይመልስለታል። ከዚያ የባሰ አያደርገውም፤ ከዚያ የተሻለም አያደርገውም። ከቤታችን ጀርባ ባለው ጋራዥ በር ላይ «ከፋብሪካ እንደወጣ» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ሌላ ምንም አይልም። የማያውቅ ሰው ምን እንደወጣ ለመጠየቅ ጎራ ይል ነበር።

«እስቲ ይቺን ትንሽ ኒኬል ንከርልኝ» ይለዋል አንዱ ደንበኛ።

«ፋብሪካው ነክሯት ነበር?»

«አልነከራትም። ግን ታምራለች።»

«እንግዲያው የሚያምር የሚሠራ ሰው ጋ ውሰዳት።»

ፋብሪካው ውስጥ አንድ የቸኮለ ሠራተኛ ከሠላሳ ዓመት በፊት ቀለም አንጠባጥቦ ከሆነ፣ አባቴ ያንኑ ጠብታ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርዝመት ያንጠባጥበዋል። ሰውዬው በሁለት ሰከንድ ያበላሸውን እሱ በሦስት ቀን ያበላሸዋል። እናቴ «የሰው ባል ሥራ ለማሳመር ይደክማል፣ የኔው ለማበላሸት» ትል ነበር፤ ቱታውን ስታጥብ ነው የምትለው፣ ስለዚህ ማንም አይመልስላትም።

እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የብሎን ኃላፊ ነበርኩ። ጥቁሩ በአንድ ቆርቆሮ፣ ወርቅ የሚመስለው በሌላው፣ ምንም ያልተቀባው ባዶ ብረት በሦስተኛው። ከዚህ ሥራ የተነሣ ሰዎችንም በሦስት ቆርቆሮ እመድባቸው ነበር። አስተማሪያችን ጥቁር ብሎን ነበር። እናቴ የወርቁ። አባቴ ባዶ ብረት ነበር፤ ላዩ ላይ ምንም የለም፣ ያው የምታየው ነው።

አስተማሪው ጥቁር የሆነው በእጄ ምክንያት ነው። በግራዬ እጽፋለሁ፤ እሱ ደግሞ በማስመሪያ ግራዬን ይመታል። ቤት መጥቼ ስናገር አባቴ ከሥራው ቀና ሳይል «ይለምድሻል» ይለኝ ነበር። ምኑ እንደሚለምደኝ አልነገረኝም፣ ቀኙ ይሁን ማስመሪያው።

አንድ ጠዋት እማማ መጡ። ስማቸው ሌላ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰፈሩ በሙሉ ግን እማማ ነበር የሚላቸው። ሁለት መንገድ አልፎ ነው ቤታቸው። ሰማያዊት ትንሽ መኪናቸውን ራሳቸው ይነዳሉ፤ መሪው ላይ አፍንጫቸውን ሊያስደግፉ ትንሽ ሲቀራቸው። ጥግ ላይ በደረሱ ቁጥር፣ ሰው ኖረም አልኖረም፣ ክላክስ ያደርጋሉ።

ኮፈኑን አስከፈቱና ጣታቸውን ራዲያተሩ አናት ላይ አሳረፉ።

«ስማ ልጄ። ዝገቱን አጥፋልኝ፣ ቀለሙን መልስልኝ፣ እንደፈለግህ አድርገው። ይቺን ብቻ እንዳትነካብኝ።»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቢጫ ምልክት ናት፤ ወደ ግራ የተጎተተች ቀጭን ጭራ አላት።

«ባለቤቴ እዚያ የመኪና ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነበር፣ ሳይዘጋ» አሉ። «የፈተሸውን ዕቃ አልፏል ለማለት በብሩሽ እንዲህ ያደርግበታል። በግራው ነበር የሚሠራው፣ ለዚያ ነው ጭራዋ እንዲህ የዞረችው። ይቺ መኪና በሱ እጅ ያለፈች ናት። ፎቶ አይወድ፣ ደብዳቤ አይጽፍ፤ ሰውዬው ሄደና የቀረኝ ይኸው ነው። ሰባት ቦታ አለች።»

ሰባቱንም እያሳዩ ቆጠሩለት፦ ራዲያተሩ፣ ዲናሞው፣ ሞተሪኖው፣ ካርቡሬተሩ፣ የአየር ማጣሪያው ክዳን፣ የባትሪው ማስቀመጫ፣ የሞተሩ ክዳን። እኔም በጣቴ ቆጠርኩ። በግራ የሚሠራ ትልቅ ሰው መኖሩን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያውም ሌላ ሰው የሠራውን አልፏል፣ አላለፈም የሚል።

«አይነካም፣ እማማ» አለ አባቴ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ ለብሎን አልዋሽም። ለርስዎ ነው የምዋሸው?»

ሳቁ። እኔ ግን ክላክሱን እያየሁ ነበር። ክብ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ቢጫ የለበትም።

«ይሄስ ለምን ምልክት የለውም?» አልኩ።

«እሱማ የእንጀራ ልጅ ነው፣ ቆንጆ» አሉኝ እማማ፤ ከዚያ ዞረው ስለ ክላክሱ ለአባቴ አንድ ሁለት ነገር ነገሩት። የነገሩትን አልሰማሁም። በሰባት ወንድምና እህት መካከል ምልክት ሳይኖረው ስለሚኖረው ክላክስ እያዘንኩ ነበር።

አባቴ ዕቃዎቹን ፈታ። እያንዳንዱን ምልክት ደብተሩ ላይ በእርሳስ ሣለ፣ በማስመሪያ ለካ። እሱ ሳይሥል የሚነካው ነገር የለም። ምልክት የሌላቸውን ዕቃዎች አሮጌ ቀለም የሚያላቅቀው መድኃኒት ያለበት በርሜል ውስጥ ይነክራቸዋል፤ ባለ ምልክቶቹን ግን በጥጥና በስንጥር፣ በቢጫዋ ዙሪያ ዙሪያ እየዞረ በእጁ ሊያጸዳቸው ነው። ይህን ለእናቴ ምሳ ላይ ሲያስረዳት ሰምቻለሁ። «ዓይን እንደማውጣት ነው» አላት። እናቴ ምሳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አትወድም።

በማግስቱ፣ ጋራዡ ውስጥ ብሎኖቼን እያጠብኩ ሳለ፣ አባቴ የእማማን ዕቃዎች ቅባት በነጭ ጋዝ አጠበ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ጋራዥ የታጠበ ዕቃ የሚሄደው ወደ በርሜሉ ነው። እጁ እሱን ሳይጠይቅ አንድ በአንድ ከተታቸው። ራዲያተሩ ብቻ በበርሜሉ አፍ ስላልገባለት ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ይህን ዛሬ ነው እንዲህ ቀጥ አድርጌ የምናገረው። ያን ጊዜ ያየሁት ሌላ ነው። አባቴ በሜንጦ የመጀመሪያውን አወጣ፤ አየው። ሁለተኛውን አወጣ፤ አየው። የቀሩትን አራቱን ሲያወጣ አላያቸውም። ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠና ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ። ፀሐይ መሰለኝ። ውኃ አመጣሁለት።

«አባዬ፣ ንጹሕ ሆኑልህ?»

«ሆኑ» አለኝ ከኮፍያው ሥር። «በጣም ንጹሕ ሆኑ።»

ሁለት ቀን ቆርቆሮ ላይ ቢጫ ሲቀባ ዋለ። በቀኙ ሲሞክር ጭራዋ ወደ ግራ የተገፋች እንጂ የተጎተተች አትመስልም። በግራው ሲሞክር ደግሞ የሰካራም እጅ ይሆናል። ራዲያተሩን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ ያቺን የቀረችውን ምልክት እንደ ባለጋራ ያፈጥባታል። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«እስቲ ያንን እጅሽን አምጪው።»

«የቱን?»

«አስተማሪው የሚመታውን።»

ሰጠሁት። ገለባበጠው፤ ዕቃ ሲመጣለት እንደሚያየው አየው፤ ጣቶቼ መካከል ብሩሿን አስገባ። ቆርቆሮው ላይ አንድ ጊዜ ጫን አድርጌ ሳብኩ። አባቴ ቆርቆሮውን አንሥቶ ከራዲያተሩ አጠገብ አስቀመጠና ሁለቱን ጭራዎች በማስመሪያ ለካ።

«የኔ እናት» አለኝ፣ «ይህ እጅ ወርቅ ነው።»

እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላም አላለኝም፤ ስለዚህ በደንብ አስታውሰዋለሁ።

«ፋብሪካው ውስጥ እንዳንቺ በግራው የሚሠራ አንድ ሰውዬ ነበር» አለኝ። «አሁን በሱ ቦታ አንቺ ነሽ።»

«እማማ እንዳትነካ አላሉህም ነበር?»

«እኔ መቼ ነካሁ? ብሩሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ።»

ይህ መልስ በቂ ሆነልኝ። እዚያ ያላደገ ሰው ላይገባው ይችላል። በኛ ጋራዥ ቀለም ይጠፋል፣ ቀለም ይመለሳል፤ ጠብታ ይጠፋል፣ ጠብታ ይመለሳል። የተመለሰ ነገር የነበረው ነገር አይደለም የሚል ሰው በዚያ በር ገብቶ አያውቅም። የሰውዬው ቢጫ ታጥቦ እንደነበር አውቄአለሁ፤ የኔም ቢጫ ሲመለስ የሱ መሆኑን እንደዚያው አወቅኩ። ለእማማ ስጦታ እየሠራሁላቸው ነበር የሚመስለኝ።

በማግስቱ አባቴ ቱታውን ሳያወልቅ ትምህርት ቤት መጣ። አስተማሪውን በር ላይ አስጠርቶ «ይቺን ልጅ ግራ እጅዋን ማንም እንዳይነካብኝ» አለው። ክፍሉ በሙሉ በመስኮት ይሰማል። አስተማሪው ማስመሪያውን ከጀርባው ደበቀ። እስከዛሬ አንድ ሰው ስለኔ ሲል እንደዚያ ቆሞ አላየሁም።

የቆመው ለማን እንደነበረ ከገባኝ እነሆ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ እጄ አብጦ ቢመጣ ሥራው ይቆም ነበር። ቢሆንም ያቺ መስኮት ዛሬም ስትታወሰኝ፣ ከመናደዴ በፊት ለአንዲት አፍታ ያ ደስታ ይቀድመኛል። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ስድስቱን ምልክቶች በአምስት ቀን ጨረስኩ። አባቴ ቢጫው ላይ ጥላሸት አሽቶ፣ አቧራ ነፍቶ፣ በጨርቅ ዳብሶ ሠላሳ ዓመት ጨመረባቸው። ከራዲያተሩ ጋር ሰባት ሆኑ። አባቴ ሊታጠብ ሲሄድ ብሩሿ ላይ ትንሽ ቢጫ ተርፎ ነበር። ክላክሱ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። አንዲት ምልክት አደረግኩለት፣ ወደ ታች ገባ ብላ፣ በጣም የምታምር። ጥላሸቱንም እንዳየሁት አሸሁለት። አልፈሃል አልኩት።

እማማ ሊረከቡ የመጡት ረፋድ ላይ ነው። አባቴ ዕቃዎቹን በሙሉ ሌሊት በፋኖስ ገጥሞ ኮፈኑን ከፍቶ ጠበቃቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ዲናሞው ላይ ያለችውን ምልክት በጣታቸው ነኩ።

«አወይ» አሉ ቀስ ብለው። «ትናንት የቀባት ነው እኮ የምትመስለው።»

አባቴ መሬት መሬት አየ። እኔ ደግሞ ደስታዬ ሊያፈነዳኝ ነበር።

አንድ በአንድ ዳበሷቸው። ካርቡሬተሩን፣ ሞተሪኖውን። እጃቸው ክላክሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከሁሉም ይልቅ ክላክሱን ነው ብዙ ያዩት። የእንጀራ ልጁ አልፎ በማየታቸው እንደሆነ አልተጠራጠርኩም።

ክላክሱን ባለቤታቸው ፋብሪካው ከተዘጋ ከሦስት ዓመት በኋላ ከገበያ የገዛው ነበር። ያን ቀን ለአባቴ የነገሩትና እኔ ያልሰማሁት ይህን ነው። በዚያ ክላክስ ላይ የሰውዬው ምልክት ሊኖር የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

እማማ ቀና ብለው አባቴን አላዩትም። ወደኔ ዞሩ።

«ቆንጆ፣ ስምሽን መጻፍ ተምረሻል?»

«ድሮ!»

ከቦርሳቸው እርሳስና አሮጌ ፖስታ አወጡ። ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አስደግፌ ጻፍኩላቸው። ፊደሉን አላዩም፤ እጄን ነበር የሚያዩት።

«በዚህኛው ነው የምትጽፊው።»

«አዎ። አባዬ ፈቅዶልኛል» አልኩ ኮራ ብዬ። «አስተማሪውንም ነግሮታል።»

አባቴ በእጁ የያዘውን መፍቻ መፈለግ ጀመረ።

እማማ ጎንበስ ብለው ግራ እጄን ሳሙት። «ንጹሕ እጅ ነው» አሉ። ፖስታውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። ጥግ ላይ ሲደርሱ ክላክስ አላደረጉም። ቀለሙ እስኪደርቅ ነው ብዬ አሰብኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት አባቴ ጠራኝ። ለስላሳውን የማጽጃ ጨርቅ፣ አዲሱን፣ ይዞ ተቀምጧል።

«አሳይኝ እጅሽን። እ... ይኸው። ቀለሙ ጎድቶታል።»

«ምንም አላመመኝም እኮ።»

«መጀመሪያ አያምም። ማረፍ አለበት።» ጣቶቼን አጥፎ ጨርቁን ጠቀለለበት፣ የእጅ አንጓዬ ላይ ቋጠረው። «እኔ ድኗል እስክልሽ ድረስ እንዳታሠሪው። እሺ?»

«እሺ።»

ማንኪያ በቀኜ ያዝኩ። እርሳስ በቀኜ ያዝኩ። አስተማሪው ጨርቁን አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ «ምነው ቀደም ብሎ በታመመ» አለ። ብሎን በቀኜ ስለይ የወርቁን ከጥቁሩ እቀላቅል ነበር፤ አባቴ ግን አልተቆጣኝም። በየጠዋቱ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ እጄን አነሣለታለሁ።

«ዳነ?»

«ገና» ይለኛል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በእግራቸው ነበሩ።

«እጅሽን ምን ሆንሽብኝ?»

«ታሟል። ቀለም ጎድቶት ነው። አባዬ ነው ያለው።»

ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ። ጨርቁን ፈቱት፤ እጄን ወደ ብርሃን አዞሩት፤ መዳፉን አዩ፣ ጀርባውን አዩ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጉ። ጨርቁን መልሰው አሰሩልኝ፤ አልቻሉበትም፤ በጣም አላልተው ነው ያሰሩት፣ ትንሽ ብስበው የሚወልቅ። ሳሙኝና ሄዱ።

እኔ ጥግ ላይ ቆምኩና፣ አባዬ እንዳይቆጣ፣ ቋጠሮውን በጥርሴ አጠበቅኩት።

ይህን ሁሉ የገጣጠመችልኝ እናቴ ናት፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ አንሶላ እያጠፈች፣ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ።

«እማማ መኪናቸውን በወሰዱ በማግስቱ ተመልሰው መጥተው ነበር እኮ» አለችኝ። «አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። ጮኸውም አልተናገሩት። የክላክሱን ነገር ነገሩት። ከዚያ 'በርሜሉን ይቅር እልህ ነበር' አሉት። 'ሰው ነህ፣ እጅህ ሳተ። መጥተህ ጠፋብኝ ብትለኝ አብሬህ አለቅስ ነበር። ልጅቷን ምን ብለህ አስገባሃት?'»

«እሱስ ምን አላቸው?»

«ምን ይላል? ጫማቸውን ያያል።»

«ጨርቁስ?»

«ፈርቶ ነው። ያ ጋራዥ እኮ በስሙ ነው የሚኖረው። ሰው መጥቶ አንቺን በግራሽ ብሩሽ ይዘሽ ካየ፣ እማማም አንድ ቀን ለሰው ካወሩ... ስንት የሰው ዕቃ እጁ ላይ አለ። ለጥቂት ጊዜ ነው ያለኝ።»

«እጄ አለመታመሙን አንቺም ታውቂ ነበር።»

እናቴ የታጠፈውን አንሶላ ዘረጋችና እንደገና አጠፈችው።

«የቀኝ እጅ ጽሕፈትሽ እኮ አምሮ ነበር» አለች።

እማማ በዚያን ጊዜ ሞተው ነበር፤ ሰማያዊቷ መኪና የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ኮፈኗን ከፍቶ፣ ስምንቱን ቢጫ ምልክቶች እያሳየ፣ ይህ ሁሉ ያልተነካ ነው ከፋብሪካ እንደወጣ ሲል ይታየኛል። ከስምንቱ አንዷ እውነተኛ ናት። እኔ ብቻ ነኝ የቷ እንደሆነች የማውቀው፤ እኔና አባቴ።

አባቴን ባለፈው ወር ለዓይኑ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሞራ ሸፍኖታል፣ ቢሆንም ከቅርብ ያያል። አጠገቤ ተቀምጦ የመዝጋቢዋን ጠረጴዛ ቀለም በጥፍሩ ይመረምራል። ሥራው ባይሆንም አንድ ጊዜ ተመልሶ የተቀባ መሆኑን ነገራት። መዝጋቢዋ ቅጽ ሰጠችኝ፤ የቤተሰብ ፊርማ የሚል ቦታ ነበረበት። እስክሪብቶውን አነሣሁ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ እጄን አየ።

«አንቺ» አለኝ፣ «ድሮ በግራሽ አልነበር እንዴ የምትጽፊው?»

ፊቱን አየሁት። ዕድሜ ልኬን የብረት ፊት ሳነብብ ነው ያደግኩት፤ የት እንደታሸ፣ የት እንደተሞላ፣ ከሥሩ ምን ዓይነት ዝገት እንዳለ አውቃለሁ። ፈለግኩ። ምንም የለም። አንድ ጭረት እንኳ አልተወም። ወይ ረስቶታል፣ ወይ ደግሞ በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ ይህኛው ይበልጣል።

«ነበር» አልኩት። «ታምሞብኝ ነው።»

«አይ» አለ ከልቡ አዝኖ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ በዚያ በለመድኩት ድምፅ ጠየቀኝ፦

«ዳነ?»

«ገና» አልኩት፤ በቀኜ ፈረምኩለት።